ግራው የሚደክም መነጽር

ሰኞ 4

ሥራ ሊሰጡኝ ነው። ማለቴ፣ መጀመሪያ ሊፈትኑኝ፣ ካለፍኩ ሊሰጡኝ። የደወለችልኝ ሴትዮ አይታኝ አታውቅም፤ ግን በየሁለት ቃሉ «ማሬ» ትለኛለች። ኩባንያው ትልቅ ነው፣ የእነሱን ስልክ ያልያዘ ሰው የለም። እኔን የፈለጉኝ ግን ለስልኩ አይደለም፤ ለምናባዊው ዓለም ክፍላቸው ነው። ሰው መነጽር ያጠልቅና ሳሎኑ ቁጭ ብሎ ሌላ ቤት ይገባል። «ዓይኑን ጨርሰነዋል ማሬ፤ የቀረን ጆሮው ነው» አለችኝ። ደረጃውን እንደ ደረጃ፣ መታጠቢያ ቤቱን እንደ መታጠቢያ ቤት የሚያሰማ ሰው ይፈልጋሉ።

ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ። ዕድሜዬን ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፅ ስቀዳ፣ ስቆርጥና ሳመጣጥን ነው የጨረስኩት። ከማንም ቤት ቀድቼ ስወጣ ሰዉን ሁሉ ጸጥ አሰኝቼ የክፍሉን ዝምታ እቀዳለሁ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለው፤ እሱ ከሌለ የተቆረጠ ንግግር አይጣበቅም። ስንት አፈ ጉልቤ ባለሥልጣን ጸጥ አሰኝቻለሁ!

ለባሌ ነገርኩት። የሒሳብ መምህር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተማሪ ላይ ሲጮህ ስለሚውል ይሁን እንጃ፣ ቤት ሲገባ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። «ጮክ በል እንጂ ሰውዬ!» አልኩት። ተነሣ፣ ወንበሩን ጎተተና በሌላ በኩሌ ዞሮ ተቀመጠ። «ጥሩ ነው፣ አስቢበት» አለኝ። ይቺን ለማለት ወንበር መጎተት ምን አመጣው?

ሐሙስ 7፣ ሥራ ቦታ፣ በጥድፊያ

ዛሬም አድማጭ ደወለ። «ፕሮግራማችሁ ወደ ግራ ያጋድላል፣ የግራው ስፒከር ጆሮ ይበሳል» ይላል። ሬዲዮኑን ያሠራ!

አዲሷ ተለማማጅ የማይሠራ ማይክ ስታገላብጥ ረፋዱን ፈጀችው። «ስንቴ ልንገርሽ? ጥፋት ስታገኚ መጀመሪያ ግራውንና ቀኙን አቀያይሪ! ጥፋቱ ገመዱን ተከትሎ ከሄደ ገመዱ ነው። እዚያው ከቀረ ገመዱን አትውቀሺ።» ይህን ሳልናገር የዋልኩበት ቀን የለም። ግድግዳው ላይ በትልቁ ልጽፈው ነው።

የስቱዲዮው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል። ባልዲው አሁንም አለ።

ቅዳሜ 9፣ ማታ

ጋሼ አንጀቴን አሳረሩት። ጋሼ አለቃዬ ናቸው፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ግን ትናንት ጨርሼ የሰጠኋቸውን ድራማ ነካክተውታል። «ምን ጎደለው ጋሼ?» አልኳቸው። «ምንም አልጎደለው፤ ትንሽ አስተካክዬዋለሁ» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ። ትንሽ! አንድ ሙሉ ትዕይንት ነው ያስተካከሉት። ስንት ዓመት ሠርቼ ዛሬ እንደ ተለማማጅ ደብተሬ ይታረማል?

መሄድ አለብኝ። እዚህ ምን አለኝ? ባልዲ አለኝ። ነፋስ ሲነሣ የሚያንኳኳ መስኮት አለኝ። እዚያ ደግሞ አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ክፍል፣ ጥሩ ደመወዝ። ባሌ «ጋዜጣው ላይ ያ ክፍል እየከሰረ ነው ይላል» አለኝ፣ ማለትም ልጃችን ደግማ ነገረችኝ፣ እሱ ሲናገር ሳህን እያጠብኩ ነበር። ልጃችንን ጠበቃዬ ነው የምላት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ተከራክራ ተሸንፋ አታውቅም። «እማ፣ እየሰመጠ ያለ መርከብ ላይ ማን ይሳፈራል?» አለች። «ዋና የሚችል» አልኳት። እኔ ዋና አልችልም።

ማክሰኞ 12

ፈተናው ዛሬ ነበር። መነጽሩን በመልእክተኛ ላኩልኝ። ጥቁር፣ ከባድ፣ እንደ ፈረስ ልጓም የሚታሰር ነገር ነው። በጎንና በጎኑ ጆሮ ላይ የሚያርፍ ትንንሽ ስፒከር አለው። መኝታ ቤት በር ዘግቼ አጠለቅኩት።

ክብ ጠረጴዛ ያለበት የመስታወት ክፍል ገባሁ። ዙሪያውን ወገባቸው ድረስ ብቻ የተሠሩ አሻንጉሊቶች ተቀምጠዋል፤ ከወገብ በታች ባዶ ነው፤ እያንዳንዱ አሻንጉሊት የሆነ ቦታ መነጽር ያጠለቀ አንድ ሰው ነው። ዋናው የክፍሉ ኃላፊ ነው። «አንቱ አትበይኝ፣ እዚህ ሁላችንም እኩል ነን» አለኝና ስለ መጪው ዘመን መስበክ ጀመረ። ዓለም ሁሉ በመነጽር ሲገናኝ፣ ርቀት ሲጠፋ፣ ምን ቅጡ። ተስፈኛው ብዬዋለሁ።

ከፊት ለፊቴ ያለው አሻንጉሊት ግን ገና አፌን ስከፍት ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዝወዝ ጀመረ። አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ። ስለ ክፍል ዝምታ ነገርኩት፣ አይሆንም። ስለ ደረጃ ማሚቶ ነገርኩት፣ አይሆንም። ደሜ ፈላ! ሌሎቹን ትቼ ፊቴን ወደሱ አዞርኩና እንደዚያ ተናግሬ በማላውቀው አንደበት ተናገርኩ። እሱ እቴ! ነቅናቂው ብዬዋለሁ፤ ንቅንቅ እንዳለ ቀረ።

በመጨረሻ «በዕቃችን ላይ አስተያየት አለሽ?» አሉኝ። «አለኝ» አልኩ። «ግራው ይደክማል። የግራው ስፒከር በደንብ አያሰማም፣ በተለይ ቀጭኑን ድምፅ።» ከጥግ አንድ አሻንጉሊት «ለክቼዋለሁ። እኩል ነው» አለ። ስፒከሩን የሠራው መሐንዲስ እሱ ነው አሉ። ሌላ አልተነፈሰም፤ ዝምተኛው ይባል። ተስፈኛው ግን ጠረጴዛውን መታ፣ እጁ ጠረጴዛው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። «በመጨረሻ ጆሮ ያለው ሰው አገኘን!» አለ።

ረቡዕ 13

አለፍኩ! «ማሬ፣ እንዲህ አድርጎ የተናገረ ሰው አይተን አናውቅም አሉ» አለችኝ። መልስ የምሰጠው እስከሚቀጥለው ወር አሥር ድረስ ነው።

እሑድ 17

ማሰብ አልቻልኩም። ብሄድ፣ ክፍሉ ከተዘጋ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ብቀር፣ ባልዲው። «ምን ይሻለኛል?» ብዬ ባሌን ከጠየቅኩት ቆየሁ፤ ዛሬ በእግር ስንሄድ መልስ እየሰጠኝ ነበር መሰለኝ፣ ግን መንገዱ ይጮኻል፣ እሱ ያንሾካሹካል። ደግሞ አንድ አመል አምጥቷል፦ እየሄድን እያለ ድንገት ከኋላዬ ዞሮ በሌላ በኩሌ ይመጣል። መኪና ካለበት ጎን ሊከልለኝ ነው እንዳልል፣ ዛሬ ዞሮ የመጣው በግንቡ በኩል ነው። «አንድ ቦታ እርጋ!» አልኩት። ሰው ዞር ብሎ አየን። እሱ ፈገግ አለ። ይኼ ፈገግታው ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ማክሰኞ 19

ሌላ መነጽር ላኩልኝ። አዲስ፣ ከነማሸጊያው። አጠለቅኩት። ግራው ይደክማል!

እንዴት ያለ ክፍል ነው ሁለት ልኮ ሁለቱም የሚበላሽ? ደውዬ ነገርኳቸው። ተስፈኛው አመሰገነኝ። ስሳደብ የሚያመሰግነኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ዓርብ 22

ምድጃው ላይ ያለው ማንቂያ ተበላሽቷል። ዳቦው ከሰል ሆነ። ጠበቃዬ «እማ፣ ሲጮህ ነበር እኮ፤ እኔ ከመታጠቢያ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ አንቺ አጠገቡ ቆመሽ» ትላለች። ታዲያ ከሰማሽ ለምን አላጠፋሽውም? «ያንቺ ዳቦ ነዋ» አለችኝ። ጠበቃ ሁሉ እንዲህ ነው።

ጋሼ ደግሞ ዛሬ ሻይ ጋብዘውኝ ነገር ማዞር ጀመሩ። ስለ ጤና፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ዕረፍት። መጨረሻ ላይ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል» አሉ። ገባኝ። ሥራ ልለቅ መሆኔን ከሰው ሰምተዋል፤ ስለ እኔ የሚወራውን እኔ ብቻ አልሰማሁም ማለታቸው ነው። በቀጥታ መጠየቅ አይቻልም? ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ሰኞ 25

ማሬ-ማሬ ደወለች። የክፍሉ ስም ተቀይሯል። ባለፈው «የነገ ዓለማት» ነበር፣ አሁን «የአብሮነት ክፍል» ሆኗል። ከዚያ በፊትም ሌላ ስም ነበረው አለችኝ። ስም በመቀየር የሚድን በሽተኛ አይቼ አላውቅም።

ግን ሌላም ነገረችኝ። በእኔ አስተያየት ምክንያት መነጽሩ ለገበያ እንዳይወጣ አስቁመውታል! መጋዘን ሙሉ ሣጥን ቆሞ ይጠብቃል። «በአንቺ ቃል ማሬ፣ በአንቺ ቃል ብቻ።» ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም። ጣቢያው ውስጥ ሥራዬ ተደብቆ ይታረማል፤ እዚያ ቃሌ ፋብሪካ ያስቆማል።

ረቡዕ 27፣ ማታ

ቢሮአቸውን ሄጄ አየሁት። ምነው ባልሄድኩ።

አሳንሰሩ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሲከፈት መጀመሪያ የታየኝ የጠረጴዛ ብዛት ነው። ግማሹ ባዶ ነው። ሰዎቹ ሄደዋል፤ ሽቦአቸው ተጠምጥሞ፣ ኩባያቸው ከነቆሻሻው ቀርቷል። ሰው ባለበት ጠረጴዛ ላይ ሁሉ ማራገቢያ አለ። ቀኑ ቀዝቃዛ ነው፣ ማራገቢያው ይዞራል። ጠጋ ብዬ ሳይ ክንፉ ተነቅሎ የሚወዛወዘው ራሱ ላይ መነጽር ታስሯል። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት አንዷን፣ ጥፍሯን ቀለም የምትቀባዋን። ምንም አልመሰላትም። ትእዛዝ አለ አለችኝ፤ ስብሰባ ሁሉ በመነጽር እንዲሆን። መነጽሩ ከቆመ ሰውዬው የለም ተብሎ ይመዘገባል። ከተንቀሳቀሰ አለ ማለት ነው። «ራስ ምታት ያመጣል፤ ማን ቀኑን ሙሉ ያደርገዋል?» አለች፣ ባለሙያ ለባለሙያ እንደሚናገር።

የነቅናቂውን ጠረጴዛ አገኘሁት። ስሙ ተለጥፎበታል። ያን ሁሉ አንደበቴን ያፈሰስኩት፣ ያን ሁሉ የለመንኩት ለማራገቢያ ነው! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፤ ሁለቱንም ዋጥኩት።

ዝምተኛው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማራገቢያ የለውም። ወጣት ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሚስቱ በቅርቡ ወልዳ አራስ ቤት ናት አሉኝ። የለካበትን ሥዕል አሳየኝ፤ ሁለት መስመር፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተኛ። አጠገቤ ቆሞ የሆነ ነገር ሲነግረኝ ቆየ፣ ግን ሰውዬው ጮክ ብሎ አይናገር። «እሺ፣ እሺ» ብዬ አለፍኩ። ማኩረፉ ነው።

ተስፈኛው ሲሸኘኝ በሹክሹክታ ሳይሆን በኩራት ነገረኝ፦ «ጥፋቱ ተጠያቂ ይፈልጋል። ስፒከሩን የሠራውን ልጅ እናሰናብተዋለን። በሚቀጥለው ወር አሥር ቦታው ባዶ ነው። ቡድኑን አንቺ ትይዢዋለሽ።» እኔ መልስ በምሰጥበት ቀን መሆኑ ነው።

«ሌላ ሰው መነጽሩን አይቶታል?» ብዬ ልጠይቀው ነበር። አሳንሰሩ መጣ።

ቅዳሜ 30

ጠበቃዬ መነጽሩን አጠለቀችው። ቀድሜ ብከለክላት ኖሮ! ሳሎን መሐል ቆማ ዞረች፣ ተዟዟረች፣ አወለቀችው።

«እኩል ነው» አለች።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ጆሮ አለኝ እኮ እማ። ሁለቱም እኩል ነው። አባዬም ይሞክረው።»

ባሌ እጁን አነሣ። «እኔን አታስገቡኝ» አለ። ያኔ ጮክ ብሎ ተናገረ!

«ገልብጠሽ አድርጊዋ» አለችኝ ልጅቷ። «አንቺ አይደለሽ ሁልጊዜ መጀመሪያ ግራውንና ቀኙን አቀያይሩ የምትዪው?»

ጮህኩባት። ምን እንዳልኳት አልጽፍም። አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፣ ትከራከራለች እንጂ አታለቅስም። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ሲዘጋ አልተሰማኝም፣ ተዘግቶ አየሁት።

ሰኞ 2

ሥራ በዛብኝ። መነጽር የመገልበጥ ጊዜ የለኝም።

ለልጁ የስንብት ወረቀቱን ሰጥተውታል አሉ።

ሐሙስ 5

ማሬ-ማሬ ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሣሁም።

ጊዜ የለኝም አልኩ እኮ። ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ምንም አይፈጅም። ባለሙያ ነኝ፣ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ገና የመጀመሪያው ቀን ገልብጦ ያየው ነበር። ተለማማጅ እንኳ። ይኼን ከእኔ ሌላ ማን ያነበዋል፤ ለምን እዚህም እከራከራለሁ?

እሑድ 8

አደረግኩት።

ባልና ልጅ ገበያ ሄደው ነበር። ወጥ ቤት ቆሜ መነጽሩን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጬ አጠለቅኩት፤ ዓይኑ ማጅራቴ ላይ፣ ግራው ስፒከር ቀኝ ጆሮዬ ላይ። የሚታይ ነገር የለም፣ የገዛ ድስቶቼ ብቻ። ዝናብ የሚዘንብበትን ክፍል ከፈትኩ። ግራው ስፒከር፣ ያ ሰነፉ፣ ያ ፋብሪካ ያስቆምኩበት፣ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ዘነበ። እያንዳንዱ ጠብታ ለየብቻው ይሰማል። አንድም ጉድለት የለበትም።

በግራ በኩል ቀኙ ስፒከር አለ። ጤነኛው። ሩቅ ነው፤ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ነው።

ጥፋቱ ገመዱን ተከትሎ አልሄደም። እዚያው ቀረ።

ስልኬን አውጥቼ የምድጃውን ማንቂያ ቀዳሁት። ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ይጮኻል፣ ይጮኻል። ቀኝ ጆሮዬን ሳዞርለት ቀጭን ብሎ ተሰማኝ። ግራዬን ሳዞርለት ምንም። አምላኬ! ሳላውቅ ያጎላሁት የጣቢያው ግራ ጎን፣ አድማጮቹ፣ ጋሼ… ስንት ወር ነው ሥራዬን እያረሙ የደበቁልኝ? ወይኔ፣ ሻዩን ጥያቸው ሄድኩ።

ጆሮዬ ነው። ከጆሮዬ ሌላ ምን አለኝ? ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በር ሲከፈት አልሰማሁም። ልጄ ገልብጬ እንደደፋሁት አየችኝ። ምንም አልተከራከረችም። መጥታ ማሰሪያውን ፈታችልኝ።

ሰኞ 9፣ ማታ፣ ረጅም

ነገ አሥር ነው። ልጁ ሊባረር ነው። እኔ ወንበሩ ላይ ልቀመጥ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ይኼ ነው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ያደረው። አዲስ ስፒከር ያስገባሉ፣ እኔ «አሁን ተስተካከለ» እላለሁ፣ ተስፈኛው ጠረጴዛ ይመታል። ይቻላል። ደመወዙም ይቻላል። አራስ ቤት ያለችው ሴት ግን ምን አደረገችኝ?

የሰኞ ስብሰባቸው ከሰዓት ነው። መነጽሩን አጠለቅኩና ገባሁ። ክፍሉ ሙሉ ነበር። «አንድ የምናገረው ነገር አለኝ፣ እባካችሁ አድምጡኝ» አልኩ። «መነጽሩ ጤነኛ ነው። ሁለቱም ጎን እኩል ነው። የደከመው የእኔ ግራ ጆሮ ነው። ገልብጬ አየሁት። ቀድሜ ማየት ነበረብኝ፣ ፈርቼ ነው። ልጁን አታባርሩት።»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ጨርሼ ጠበቅኩ።

ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ሁሉም። ነቅናቂው፣ ከጎኑ ያለው፣ ተስፈኛው ራሱ! የክፍሉ ኃላፊ ማራገቢያ ላይ ታስሮ ይዞራል። ማንም የለም። ቤት ሙሉ ማራገቢያ ፊት ነው ደረቴን የከፈትኩት። ኤዲያ! እንደ ዛሬ ተናድጄ አላውቅም፤ ሳቅኩ፣ ብቻዬን፣ እዚያ የመስታወት ክፍል ውስጥ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይኼ ነው።

ያኔ ከጥግ አንዱ አሻንጉሊት ተንቀሳቀሰ። ዝምተኛው ነው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ በግራዬ ስላለ አይሰማኝም። ቆም አለ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞረ፣ ከኋላዬ አለፈና በቀኜ መጥቶ ቆመ።

«እዚህ ይሻላል?» አለኝ። ጥርት ብሎ።

«ይሻላል» አልኩት።

«እኔ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ቢሮም ጠርጥሬ ነበር፤ ስነግርሽ እሺ አልሽኝ።»

ይቅርታ ለመንኩት። «ቆይ፣ አሁን ለኃላፊው ደውዪለት፤ በስልክ፣ ሰው በሚያነሣው ስልክ» አለ። መነጽሩን አወለቅኩ። ከኋላ መዞር፣ በቀኝ መቆም። ይህን አመል የት ነበር ያየሁት? አወቅኩት። ይህን ማስታወሻ ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። ወንበሩ። ግንቡ። ፈገግታው። ባሌ እዚያው ሳሎን ደብተር ያርማል፣ በቀኜ በኩል ተቀምጦ። ምንም አልጠየቅኩትም። አልቻልኩም።

ለተስፈኛው ደወልኩና ሁሉንም እንደገና ነገርኩት። ሁለት ጊዜ! አንዴ መናገሩ አንሶኝ።

«እና መነጽሩ ደህና ነው?» አለ።

«ደህና ነው።»

«ምንም ጥፋት የለበትም?»

«ምንም።»

«ሰምታችኋል? ደህና ነው!» ብሎ ጮኸ። ቢሮው ሁሉ ጮኸ፣ ጭብጨባ፣ ፉጨት። በቀኝ ጆሮዬ ሁሉንም ሰማሁት። በዚህ ዓመት ያገኙት የመጀመሪያ መልካም ዜና የእኔ መደንቆር ነው። «ልጁስ?» ስለው «ማን? እሱማ ይቆያል፣ ይቆያል!» አለ። ስለ ጆሮዬ አንድ ቃል አልጠየቀኝም።

ረቡዕ 11

የሥራ ጥያቄውን አልቀበልም ብዬ ልጽፍላቸው ቁጭ አልኩ። ቀድመውኝ ጽፈዋል፦ «ክፍሉ በአዲስ መልክ እየተደራጀ ስለሆነ» ቦታው ታጥፏል። እምቢ የማለት ደስታ እንኳ ነፈጉኝ። ማሬ-ማሬ ግን ደውላ አለቀሰች፤ እሷንም አሰናብተዋታል። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራችኝ።

ትናንት ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር፤ ሐኪሟ የጆሮው ነርቭ ነው፣ አይመለስም አለች። ቀኙ ደህና ነው፣ እንጠብቀው። ለግራው አጋዥ መሣሪያ ይታያል።

ጋሼ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ። «ማመጣጠኑን እኔ እሠራዋለሁ፤ ቅጂው ያንቺ ነው። ጸጥ በሉ ብሎ ሰው የሚያስፈራራልኝ ሌላ የለኝም።» ባልዲውን አንስቼ አፈሰስኩት። ሌላ ምን ላደርግ?

ቅዳሜ 14

ጠበቃዬ ታርቃኛለች። ቅጣቴን ግን ራሷ ወሰነች፤ ምድጃው ሲጮህ እጄን ትይዝና «ጮኸ» ትለኛለች። በይግባኝም አልተቀነሰልኝም።

ከሰዓት በኋላ ከባሌ ጋር በእግር ወጣን። ጥግ ላይ ስንታጠፍ ከኋላዬ ዞሮ በቀኜ መጣ። ያኔ ቆምኩ።

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«እና ለምን አልነገርከኝም? እንደ ቂል ስንት ወር ሙሉ! ፋብሪካ አስቁሜ! ሰው ላስባርር!»

«ነግሬሽ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ከዚህ ሁሉ በፊት፣ አንድ ማታ አልጋ ላይ። እየደከመ ነው፣ ሐኪም እንይ አልኩሽ። ሌላም ብዙ ነገር አልኩሽ። ዝም ስትዪ የተቀየምሽ መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ በግራሽ በኩል ተኝቼ ነበር።»

«በቀኝ ዞረህ አትደግመውም ነበር?»

«ለአንድ ጊዜ ያጠራቀምኳት ድፍረት ነበረች፤ አለቀች» አለኝ።

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ሰው ያልፋል፣ መኪና ይጮኻል፣ እሱ ያንን ፈገግታውን ይዞ ቆሟል። ክንዱን ያዝኩና ወደ ቀኜ ጠጋ አደረግኩት።

«በል፣ ያን ሌላውን ብዙ ነገር ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» አልኩት። «ጮክ ብለህ።»